ስልጆው የማን እጅ ነው?

ደብረ ሲና፣ በዐቢይ ጾም አንድ አርብ ከቀትር በኋላ፤ ወይዘሮ አሰገደች በጓዳቸው ደጃፍ ተቀምጠው ለአዲስ ስልጆ ሰናፍጭ ይለቅማሉ፤ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዋ ልጃቸው ሐመልማል ዩኒፎርሟን ሳትለውጥ ፊታቸው ቆማለች።

ሐመልማል፦ እሺ በይኝ እንጂ እማዬ። አንድ ቃል እኮ ነው። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ «ይታይሽ ትመለስ» በያቸው፣ በቃ።

አሰገደች፦ እኔ ሂጂ አላልኳት፤ ምን ብዬ ተመለሺ እላለሁ? በእግሯ ሄደች፣ በእግሯ ትመጣለች። መንገዱን ያጠረባት የለም።

ሐመልማል፦ በእግሯማ ነው የሄደችው። ያስነሳት ግን ማን ነው? በኪዳነ ምሕረት ማኅበር ያ ሁሉ ሰው ተቀምጦ «የምራቴ ሥራ ነው፣ እጅ የላትም» አልሽ። ይታይሽ ሰሃኑን እንደያዘች ከኋላሽ ቆማ ነበር።

አሰገደች፦ ታዲያ ምን ልበል? ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ወደዚህ ማኅበር የሚመጣው ለጠበሉ ብቻ መሰለሽ? «የአሰገደች ስልጆ» ብሎ ነው የሚመጣ። ማሰሮው ሲከፈት አረንጓዴ ጸጉር አብቅሎ ቁጭ። «የማን እጅ ነው?» ተባልሁ። ተጠየቅሁ፣ መለስሁ። ውሸት ተናገርሁ? ሱፉን የወቀጠችው እሷ፣ የባቄላውን ዱቄት ያገነፋችው እሷ፣ ሰናፍጩን ያገባችው እሷ፣ አፉን ያሰረችው እሷ።

ሐመልማል፦ የሠራችው እሷ ናት። ያበላሸው ግን ሌላ ነው።

አሰገደች፦ ማን?

ሐመልማል፦ ባክቴሪያና ሻጋታ።

አሰገደች፦ ሻጋታውንስ አየሁት። ያኛው ደግሞ የማን ልጅ ነው?

ሐመልማል፦ ሰው አይደለም፣ በዓይን የማይታይ ነገር ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስለ ፈርመንቴሽን ስንማር ነው የከረምነው፤ ዛሬ ደግሞ…

አሰገደች፦ ተብላላ በይና ይውጣልሽ። ስልጆ ከቅድመ አያቴ ጀምሮ ሲብላላ ኖረ እንጂ ለማንም ፈርሞ አያውቅም።

ሐመልማል፦ እሺ፣ መብላላት። አስተማሪያችን ቲቸር አስቻለው «ከየቤታችሁ የሚብላላ ምግብ ጥሩ» ሲሉን ሰው ሁሉ እርጎ፣ አዋዜ፣ ኮምጣጤ እያለ ሲጠራ እኔ ስልጆ አልኩ። የከተማ ልጆቹ አያውቁትም። አሠራሩን ተነሥቼ ስናገር ክፍሉ ጸጥ ብሎ ሰማኝ፤ አንዱ እንዲያውም ምራቁን ዋጠ።

አሰገደች፦ ስለ ምግብ ስትሆኚማ ማን ይችልሻል። የሒሳቡን ፈተና ግን ሰባት ከሃያ አምጥተሻል።

ሐመልማል፦ ሒሳብ ምን ጣዕም አለው?

አሰገደች፦ ጣዕም የሌለውንም መዋጥ ነው ትምህርት ማለት።

ሐመልማል፦ እማዬ ስሚኝ። በክፍላችን ስልጆ ሠራን። አንዱን ገንፎ በሦስት ጠርሙስ ከፋፈልነው። የአንዱን ክዳን አጥብቀን ዘጋነውና አልነካነውም። ሁለተኛውን በየቀኑ እየከፈትን በንጹሕ ማንኪያ እናማስለው ነበር። ሦስተኛውን ደግሞ በየቀኑ እየከፈቱ ጣት ይነክሩበታል፤ ጣቱን ይልሱታል፣ ደግመው ይነክሩታል።

አሰገደች፦ ጣቱ የማን ነው?

ሐመልማል፦ የኔ። ቲቸር «ለሦስተኛው ጠርሙስ ቀማሽ እፈልጋለሁ» ሲሉ አርባ ስምንት ልጅ ዞሮ እኔን አየ። ስሜ እኮ እዚያ ሐመልማል አይደለም፣ ማንኪያ ነው።

አሰገደች፦ አስተማሪ ሆኖ ልጅን እንዲህ ያዋርዳል?

ሐመልማል፦ አላዋረዱኝም፣ ደስ ብሎኝ ነው የገባሁበት። በአምስተኛው ቀን ሙከራውን ልጨርሰው ስል ጠርሙሱን ቀሙኝ። ዛሬ ነው እንግዲህ ሦስቱም አንድ ላይ የተከፈቱት። የተዘጋው ሽታው ክፍሉን ሞላው፤ ልክ እንዳንቺ ስልጆ አፍንጫ ይነዝራል። ሁለተኛው ላዩ ላይ ስስ ነጭ ነገር አዝሏል። ሦስተኛው…

አሰገደች፦ ሦስተኛው ምን?

ሐመልማል፦ አረንጓዴ ጸጉር። ያው ራሱ፣ ማኅበር ላይ ያየነው።

አሰገደች፦ እህ።

ሐመልማል፦ ቲቸር እንዳሉት በሰናፍጩ የሚመጡ ጥሩ ባክቴሪያዎች አሉ። አፉ ከታሰረ እነሱ ያኮመጥጡታል፣ መጥፎውን ያስቆሙታል። ሻጋታ ደግሞ አየር ካላገኘ አያድግም። ስለዚህ የይታይሽ እጅ ምንም ጥፋት የለበትም ማለት ነው። የዓይንም አይደለም፣ የእጅም አይደለም።

አሰገደች፦ ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም አሉ። ሰናፍጭ ጠባቂው መሆኑን እናቴም ታውቅ ነበር፤ «ሰናፍጭ ያነሰው ስልጆ ዘበኛ የሌለው ቤት ነው» ትል ነበር። ያንን ልታስተምሪኝ ነው ከትምህርት ቤት እየሮጥሽ የመጣሽው?

ሐመልማል፦ ለሽማግሌዎቹ እንድትነግሪያቸው ነው። ጋሽ ወንድይራድ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንመጣለን ብለዋል። ዛሬ «አልፈልጋትም» ካልሽ እኮ አጎቷ ነገ መንዝ ይዟት ይሄዳል፤ ሻንጣዋ ታስሯል። ግርማቸው ነገረኝ።

አሰገደች፦ ወንድምሽ ሚስቱ ከሄደች ሳምንት ሙሉ ከኔ ጋር አልተነጋገረም፣ ካንቺ ጋር ያወራል ማለት ነው።

ሐመልማል፦ ከኔም ጋር ብዙ አያወራም። ምሳ ዕቃውን ግን አይተሻል? ሞልቶ ይሄዳል፣ ሞልቶ ይመለሳል።

አሰገደች፦ አይቻለሁ። ይልቅ ቁጭ በይና ትምህርትሽን እንደገና አስረጂኝ። ክፍት ከሆነ ይሻግታል፤ ዝግ ከሆነ አይሻግትም። ልክ ነኝ?

ሐመልማል፦ ልክ ነሽ።

አሰገደች፦ ይታይሽ ማሰሮውን አስራ ያስቀመጠችው ቅዳሜ ነው። የተከፈተው በማኅበሩ ዕለት፣ ሐሙስ። መሐሉ አሥራ ሁለት ቀን ነው።

ሐመልማል፦ አዎ፣ እንደዚያ ነው።

አሰገደች፦ ታዲያ በነዚያ አሥራ ሁለት ቀናት ማን ከፈተው?

ሐመልማል፦ እ?

አሰገደች፦ የሚጠይቅሽ ሳይንስሽ ነው፣ እኔ አይደለሁም።

ሐመልማል፦ አየር በራሱም ሊገባ ይችላል። ቅጠሉ ከተቀደደ…

አሰገደች፦ የኮባ ቅጠሉን አንሥቼ የጣልኩት እኔ ነኝ። ደህና ነበር።

ሐመልማል፦ ማሰሮው የተሰነጠቀ ከሆነስ?

አሰገደች፦ ያው እጥበት ላይ ነው፣ ሂጂና ስንጥቁን አሳዪኝ።

ሐመልማል፦ ድመቷ እኮ ጓዳ ትገባለች።

አሰገደች፦ ድመቷ ቋጠሮ ፈትታ፣ ቀምሳ፣ መልሳ ታስራለች? እንዲህ ያለች ባለሙያ ድመት ካለችን ምራት ምን ያደርግልናል።

ሐመልማል፦ ድመቷ አይደለችም፣ እሺ።

አሰገደች፦ እንግዲህ ይታይሽ ራሷ ከፍታዋለች ማለት ነው። ዞሮ ዞሮ እጇ ነው። ለሽማግሌዎቹ ይህንኑ እነግራቸዋለሁ፤ ሳይንስም መሰከረልኝ።

ሐመልማል፦ እሷ አልከፈተችውም።

አሰገደች፦ በምን አወቅሽ?

ሐመልማል፦ አውቃለሁ።

አሰገደች፦ በምን?

ሐመልማል፦ እኔ ነኝ የከፈትኩት።

አሰገደች፦ ምን አልሽ?

ሐመልማል፦ እኔ ነኝ እማዬ። ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ፣ አንቺ ቤተ ክርስቲያን ስትሆኚ፣ ይታይሽ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ። ጓዳ ገብቼ ከፈትኩት።

አሰገደች፦ ስንት ጊዜ?

ሐመልማል፦ መጀመሪያ አንድ ጊዜ ብቻ ላደርገው ነበር። ሲብላላ ጣዕሙ በየቀኑ እንዴት እንደሚለወጥ ለማወቅ…

አሰገደች፦ ስንት ጊዜ አልኩሽ።

ሐመልማል፦ ሰባት። ስምንትም ሊሆን ይችላል።

አሰገደች፦ በምን ቀመስሽው?

ሐመልማል፦ በማንኪያ። ማንኪያው ካልደረሰልኝ በጣቴ። አንድ ቀን ደግሞ በዳቦ አጠቀስኩ፣ ፍርፋሪው ገባበት።

አሰገደች፦ የበላችው ያቅራታል፣ በላይ በላዩ ያጎርሳታል። ያውም በጾም፣ ከጠዋቱ። ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አፉ ሳያደርግ አንቺ ከማሰሮ ጋር ቁርስ።

ሐመልማል፦ አውቃለሁ።

አሰገደች፦ ታውቂያለሽ። ያቺ ልጅ በሰው ፊት ስትዋረድ የት ነበርሽ?

ሐመልማል፦ እዚያው። ዳቦ ይዤ ከበሩ አጠገብ ቆሜ ነበር።

አሰገደች፦ አፍሽስ?

ሐመልማል፦ ዳቦ ነበረበት።

አሰገደች፦ አየሽ? ለመብላት ነው የሚከፈት።

ሐመልማል፦ ንገሪኝ፣ ስደቢኝ፣ እንደፈለግሽ። እኔ ከዚህ የባሰ ራሴን ብዬዋለሁ። ያን ቀን ማሰሮው ሲከፈት የኔ ነገር ነው ብዬ ጠርጥሬያለሁ። ወዲያው ግን አንቺ «የምራቴ እጅ ነው» አልሽ። እውነቱን ልንገርሽ? ደስ አለኝ። ከኔ ላይ ወርዶ እሷ ላይ ሲቆም ደስ አለኝ። «እማዬ ካለች እውነት ነው፣ እማዬ ስለ ስልጆ አትሳሳትም» አልኩና ዳቦዬን በላሁ።

አሰገደች፦ ዳቦሽን በላሽ።

ሐመልማል፦ ይታይሽ ልትሄድ ነጠላዋን ስታነሣ ጓዳ አገኘችኝ። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። ምን አለችኝ መሰለሽ? «ማንኪያዬ፣ ሽሮው ላይ ጨው አልጨመርኩም፣ ሳትረሺ አስገቢበት።» ይህን ብላ ወጣች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሽሮ አይወርድልኝም። እኔን፣ ሐመልማልን፣ ምግብ እንቢ አለኝ።

አሰገደች፦ እኔ እኮ ጾሙ በዛብሽ ብዬ ነበር።

ሐመልማል፦ ዛሬ ያ ሦስተኛው ጠርሙስ ሲከፈት ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። «የማንኪያ እጅ ነው፣ የማንኪያ እጅ ነው» አሉኝ። ቀልድ ነው፣ ማንም በክፋት አላለም። እኔ ግን እንባዬ መጣ። አሁን መጠርጠር የለም፣ በዓይኔ አየሁት። ስምንት ቀን በሆዴ ሲብላላ ቆየ፤ ከዚህ በላይ አልችልም።

አሰገደች፦ ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ሰባት፣ ስምንት ጊዜ ስትከፍቺ እንዴት ሳትያዢ ቀረሽ? ይታይሽ ያሰረችውን ታውቃለች፤ የተነካ ቋጠሮ ትለያለች።

ሐመልማል፦ እንዳገኘሁት አድርጌ ነበር መልሼ የማስረው። መጀመሪያ ቀን ግን በጣም ነው ያስቸገረኝ። ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ፣ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አመለጠኝ።

አሰገደች፦ ምን ያስቸግራል አንድ ገመድ?

ሐመልማል፦ የይታይሽ ቋጠሮ ተገላቢጦሽ ነው። እኔ ወደ ቀኝ ሳዞረው እሱ ወደ ግራ ነው የዞረው። ጫፉም የሚወጣው በሌላ በኩል ነው። መስታወት ውስጥ እንደማየት ነበር የሆነብኝ። የመንዝ ሰዎች እንዲህ ያስራሉ ማለት ነው ብዬ ተማርኩት። አሁን ዓይኔን ጨፍኜ አስረዋለሁ።

አሰገደች፦ በመጀመሪያው ቀን ነው እንደዚያ ሆኖ ያገኘሽው?

ሐመልማል፦ አዎ። ሁልጊዜም። አንዳንዴ ላልቶ፣ አንዳንዴ ጠብቆ አገኘዋለሁ፤ ግን ሁሌ ወደ ግራ ነው።

አሰገደች፦ እኔ ከማሰሬ በፊት አንቺ ነክተሽው አታውቂም ማለት ነው።

ሐመልማል፦ አንቺ ከማሰርሽ?

አሰገደች፦ እንደዚያ የሚያስሩት መንዞች አይደሉም። ግራኞች ናቸው።

ሐመልማል፦ ግራኝ… እማዬ፣ እዚህ ቤት ግራኝ አንቺ ብቻ ነሽ።

አሰገደች፦ ሰናፍጩን ከፊቴ አንሺው፣ ዓይኔን አቃጠለኝ።

ሐመልማል፦ ደረቅ ሰናፍጭ ዓይን አያቃጥልም።

አሰገደች፦ አንሺው አልኩሽ።

ሐመልማል፦ እሺ። አነሣሁት። ከፍተሽው ነበር?

አሰገደች፦ ከአንቺ በፊት። ባሰረችው በማግስቱ፣ እሁድ። ከቅዳሴ ቀደም ብዬ ተመለስኩና ጓዳ ገባሁ። «ይህች ልጅ ጨው አሳንሳ ይሆን? ሱፉን በደንብ አጥልላው ይሆን?» አልኩ። ለማየት ብቻ። ፈታሁት፣ አየሁት፣ ቀመስኩት።

ሐመልማል፦ ጾም አልነበር?

አሰገደች፦ ጾም ነበር። አንቺን በቁርስ ስሰድብሽ የራሴን እያሰብኩ ነው። ማክሰኞ ደገምኩት። ሐሙስም። ከዚያ ወዲያ አልቆጠርኩም።

ሐመልማል፦ ጨው አንሶት ነበር?

አሰገደች፦ ምንም አላነሰውም።

ሐመልማል፦ ታዲያ ለምን ደጋገምሽው?

አሰገደች፦ ጥሞኝ ነዋ። ምን ትጠይቂኛለሽ፣ አንቺም ቀምሰሽው የለ። ከኔ ይበልጣል። ሃያ ሁለት ዓመት ስሠራ አንድም ቀን እንደዚያ አድርጌ አላውቅም። ያቺ ትላንት የመጣች ልጅ፣ ገና ማሰሮዬ የት እንደሚቀመጥ ያላወቀች፣ በመጀመሪያዋ ከኔ በለጠች።

ሐመልማል፦ እኔም ይበልጣል ብዬ ነበር። ላንቺ መንገር ፈርቼ።

አሰገደች፦ ደግ አደረግሽ። ያን ጊዜ ብትነግሪኝ በጥፊ እልሽ ነበር። በማኅበሩ ቀን የማስበው ሌላ አልነበረም፤ እነ ወይዘሮ ዘውዲቱ ቀምሰው ምን ይሉ ይሆን? «አሰገደች ሆይ፣ ከእንግዲህ ምራትሽ ትሥራልን» ይሉኛል። ማሰሮው ሲከፈት ጸጉሩን አየሁ። አንቺ ደስ አለኝ አልሽ። እኔስ? ውስጤ እልል ነው ያለው። አፌ «የምራቴ እጅ ነው» ያለው ተጠይቆ አይደለም፣ ቸኩሎ ነው። ዘውዲቱ ጠይቃ ሳትጨርስ መልሼላታለሁ።

ሐመልማል፦ እማዬ…

አሰገደች፦ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም አሉ። ያውም በጾም ቅቤ የት ተገኝቶ።

ሐመልማል፦ ያንቺ መክፈት እንደሚያበላሸው አታውቂም ነበር?

አሰገደች፦ እንዴት አላውቅም። እናቴ ገና ልጅ ሳለሁ «የታሰረ ስልጆ የጎበኘ፣ ሻጋታ ጠራ» ትለኝ ነበር። አስተማሪሽ በጠርሙስ ያሳየሽን እኔ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አንድ ጊዜ ቢከፈት ምን ይሆናል አልኩ። ሁለት ጊዜ ቢከፈት ምን ይሆናል አልኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው የኔ ነገር። አንቺ ሳታውቂ ነው ያጠፋሽው፣ እኔ እያወቅሁ።

ሐመልማል፦ እኔም ጠርጥሬያለሁ አልኩሽ እኮ።

አሰገደች፦ ከእናትሽ ጋር በጥፋት አትፎካከሪ። በዚህስ እኔ ልብለጥ።

ሐመልማል፦ እሺ አሁን ምን እናድርግ? ሽማግሌዎቹ ሊመጡ ነው።

አሰገደች፦ ምን እናደርጋለን። ይመጡና ጋሽ ወንድይራድ ከአዳም ጀምሮ ያወራል። ከዚያ «ልጅቱ ምን አጠፋች?» ይለኛል። ምን እመልሳለሁ? ማኅበርተኛው ሁሉ ሰምቷል፣ ገበያው ሁሉ ሰምቷል። ባለፈው ቅዳሜ ሽንኩርት የምትሸጠዋ እንኳ «ምራትሽ እጅ የላትም አሉ» አለችኝ። አንድ ሳምንት ባልሞላ ጊዜ።

ሐመልማል፦ የኔን ንገሪያቸው።

አሰገደች፦ ምኑን?

ሐመልማል፦ «ልጄ ናት የከፈተችው፣ ዛሬ ተናዘዘች» በያቸው። እውነት እኮ ነው። ያንቺን መንገር ግድ አይደለም። ልጅ ናት፣ ሆዳም ናት ብለው ይስቃሉ፣ ይታይሽም ትመለሳለች፣ አንቺም በማኅበርሽ አታፍሪም። እኔን ማንኪያ ማለት ለምደውታል፤ ምንም አልሆንም።

አሰገደች፦ ይስቃሉ፣ አዎ። ጋሽ ወንድይራድ ጉንጭሽን ቆንጥጦ «አንቺ ቀማሻ» ይልሻል።

ሐመልማል፦ ይበለኝ።

አሰገደች፦ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ነገሩ በሳቅ ያልቃል።

ሐመልማል፦ ጥሩ አይደል? ለምን ታዲያ ፊትሽ እንዲህ ሆነ?

አሰገደች፦ «ልጄ ናት» የሚለው አፌ ላይ ሲመጣ ደስ እንዳይለኝ ነው የፈራሁት። ባለፈው እንዳለኝ።

ሐመልማል፦ ያ ሌላ ነው።

አሰገደች፦ አንድ ነው። ባለፈው ምራቴ ተሸከመችልኝ፣ ዛሬ ልጄ ትሸከምልኝ። ነገ ማንን ነው የምፈልገው፣ ድመቷን?

ሐመልማል፦ እማዬ አታልቅሽ። እኔ ራሴ ነኝ የምሄደው። ሽማግሌዎቹ ሳይመጡ አሁኑኑ ላይ ሰፈር አጎቷ ቤት እሄዳለሁ። ማታ ሳስበው ነበር፤ ድንጋይ ተሸክሜ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ ደጃቸው እንበረከካለሁ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብላ እስክታወርደኝ አልነሣም።

አሰገደች፦ ድንጋይ የሚሸከም ደም ያፈሰሰ፣ አባቱን የመታ ነው። ለአንድ ማሰሮ ስልጆ?

ሐመልማል፦ ለስልጆው አይደለም። ስሟን ነው ያጠፋሁባት፤ ዝም ብዬ። ሰው ሁሉ እጅ የላትም ሲላት እኔ እጇ እንዴት እንደሚጥም እያወቅሁ ዝም አልኩ። ከአሁን በኋላ የትም ቤት ብትገባ አንዲት ሴት ማሰሮ ታስነካታለች?

አሰገደች፦ አታስነካትም። እኔም ብሆን አላስነካም።

ሐመልማል፦ እንግዲያው ልሂድ። መንገድ ላይ ሰው ያየኛል፣ ይጠይቀኛል፣ ለሁሉም እነግራለሁ። ሽንኩርት ሻጯም ትስማ።

አሰገደች፦ ገበያ መሐል? በጠራራ ፀሐይ?

ሐመልማል፦ ገበያ መሐል ነው ስሟ የጠፋው።

አሰገደች፦ አባቴ አሰገደች ብሎ ያወጣልኝ ሌላው እንዲሰግድልኝ ነው። ስድሳ ዓመት ሊሞላኝ፣ በዚህ ከተማ ለታላላቆቼ ካልሆነ ጎንበስ ብዬ አላውቅም። አማት ለምራት ስትንበረከክ አይተሽ ታውቂያለሽ?

ሐመልማል፦ አላየሁም። አንቺ አትምጪ አልኩሽ እኮ፣ እኔ እበቃለሁ።

አሰገደች፦ ከጓሮ አጥር ሥር የተቆለለ ድንጋይ አለ።

ሐመልማል፦ አውቃለሁ። አንድ መርጫለሁ፣ ጠዋት አንሥቼ ሞክሬዋለሁ፣ እችለዋለሁ።

አሰገደች፦ ሁለት አምጪ። ትልቁ የኔ ነው።